«ቁጭ በል» ያልኩት ልጅ

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የማፍር ሰው ነኝ። እንዲህ ስል ግን ዝምተኛ ነኝ ማለቴ አይደለም፤ ምላሴ ረጅም ነው፣ ያስተማርኳቸው ሁሉ ይመስክሩ። የእኔ ሀፍረት በሌላ ሰው ነው። ዘመድ ለቅሶ ቤት ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲስቅ፣ እንግዳ ሰው ፊት ልጅ አፍንጫው ሲዝረከረክ፣ እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ። እናቴ «የአገሩን ሀፍረት ሁሉ ላንቺ ማን አሸከመሽ?» ትለኝ ነበር። ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎኝ በፈረንጅና በአሰላ ሰው መካከል አስተርጓሚ ሆኜ ሦስት ዓመት ሠራሁ። ለእኔ ዓይነቷ ከዚህ የከፋ ሥራ የሚገኝ አይመስለኝም።

አዲስ አበባ መምህርነት ተምሬ፣ ኖታ ማንበብና ፒያኖ መነካካት ትንሽ ትንሽ ለምጄ ወደ ተወለድኩበት ከተማ ስመለስ አብዮቱ ሊፈነዳ አራት አምስት ዓመት ይቀረው ነበር። ያኔ አሰላ የስንዴ ዘርና የወተት ላም ይዘው በመጡ የእርሻ ባለሙያ ፈረንጆች ተሞልታለች። ከእነሱ የአንዱ ሚስት ግን ይዛ የመጣችው ቼሎ ነው። ቼሎ የቫዮሊን ታላቅ ወንድም በሉት። ተጫዋቹ ወንበር ላይ ተቀምጦ በጉልበቶቹ መካከል ያቆመውና በደጋን ይጫወተዋል። ቁመቱ ከነሳጥኑ የሰው ያህል ስለሆነ ከአውቶቡስ ሲወርድ ያየው ባለጋሪ «ሬሳ አልጭንም» ብሎ ጥሏት ሄደ። ፈረንጇ ሳጥኑን በመንገዱ መካከል ከፍታ እስክታሳይ ድረስ የሚያምናት አላገኘችም። እኔ ገና ሳላውቃት፣ ከሩቅ ቆሜ፣ በባለጋሪውም በእሷም አፈርኩ።

ማዳም እንላት ነበር። ሥራ ፈትቶ መቀመጥ የማትወድ ሴት ናት። ትምህርት ቤታችን መጣችና ጆሮ ያላቸውን ልጆች ፈልጊልኝ አለችኝ። ብዙ ልጆች ሞክረን፣ በመጨረሻ አራት ቀሩን፤ ሦስቱ ቫዮሊን፣ አንዱ ቼሎ።

ባለቼሎው የሳጉሬ ልጅ ነው። አባቱ የታወቁ የእህል ነጋዴና የአገር ሽማግሌ ናቸው፤ መካ ደርሰው የተመለሱ ስለሆኑ ከሳጉሬ እስከ አሰላ ያለ ሰው ሁሉ «ሀጂ» ነው የሚላቸው። ልጁን አሰላ አክስቱ ቤት አስቀምጠው ሁለተኛ ደረጃ ያስተምሩታል። እኔ ቼሎ እንዲማር ፈቃድ ለመጠየቅ ሳጉሬ ስሄድ ፊቴ ቀልቶ፣ ዘፋኝ ልናደርግብዎት ነው የምል መስሎኝ ምላሴ ተሳስሮ ነበር። ሀጂ ግን ሰምተውኝ ሲያበቁ «ትምህርት ነው?» አሉ። «ትምህርት ነው» አልኩ። «ትምህርት ከሆነ ይማር» ብለው ወደ ሚዛናቸው ተመለሱ።

ልጁ ተማረ። እንዴት እንደተማረ መናገር ይከብደኛል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ማዳም የምታስተምረው ነገር እያለቀባት «ይህ ልጅ አዲስ አበባ የሙዚቃ ትምህርት ቤት መግባት አለበት፤ ከዚያም ከአገር ወጥቶ ይማራል፣ እንጀራውም ይህ ይሆናል» ትለኝ ጀመር። እሱም ሌላ የሚፈልገው ነገር አልነበረውም። የአሰላ ጠዋት እንደምታውቁት ጣት ያደርቃል። እኔ ከቤት የሞቀ የገብስ ቆሎ በሳህን ይዤ እመጣለሁ፤ ልጆቹ ከመጫወታቸው በፊት እጃቸውን ቆሎው ውስጥ ይቀብራሉ። ባለቫዮሊኖቹ ቆሎውን እየቃሙ ይጨርሱታል። እሱ ግን ጣቱ ሲሞቅለት ዘወር ብሎ ሳያይ ወደ ቼሎው ነው።

ችግሩ ሙዚቃው ላይ አልነበረም፤ ሰው ፊት መቅረቡ ላይ ነው። ማዳም እንዳለችው መድረክ የራሱ ጠባይ አለው። ቀና ብሎ መግባት፣ ሕዝቡን ዓይኑን ማየት፣ እጅ መንሳት፣ ምንም ቢመጣ ምንም አለማቋረጥ። የእኛ ልጆች ደግሞ ተቃራኒውን እየተቀጡ ተምረው ያደጉ ናቸው። ትልቅ ሰው ዓይን ውስጥ አይታይም። ሲስቁ አፍ ይሸፈናል። ማዳም «እንዴት ተጫወትክ?» ብላ ስትጠይቅ አራቱም በአንድ አፍ «ጥሩ አይደለም» ይላሉ። እሷ ልጆቹ በራሳቸው የማይተማመኑ መስሏት ታዝናለች፣ እኔ አፍራለሁ፣ ልጆቹ ደግሞ በትሕትናቸው ተደስተው ይቆማሉ። ምን ብዬ ላስረዳት?

ከሁሉ የከበደው መነሳቱ ነው። ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ ይባላል። ይህ ለእኛ ልጅ ሐሳብ አይደለም፣ እግሩ ራሱ ነው የሚነሳው። አንድ ቀን ልምምድ ላይ ሳሉ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር በሩን ከፈቱ፤ አራቱም በአንድ ጊዜ ሙዚቃውን ቆርጠው ቆሙ። ባለቼሎው ሲነሳ መሣሪያው ተንሸራቶ ከመሰበር ለጥቂት ተረፈ። ማዳም ራሷን ይዛ «ፈታኝ ፊት እንዲህ ቢያደርጉ አለቀላቸው!» አለች። እኔም በንዴት ጦፌ፣ ማስለመዱን ለእኔ ተይው አልኳት።

እንዲህ አደረግሁ። የአባቴን ጋቢ ደረብኩ፣ ከዘራውን ያዝኩ፣ ጎንበስ ብዬ እያሳልኩ ልጆቹ እየተጫወቱ ሳሉ በሩን ከፍቼ ገባሁ። አራቱም ብድግ! «ቁጭ በሉ!» ብዬ ጮህኩባቸው። ወጣሁና እንደገና ገባሁ። ብድግ! «ቁጭ!» ልጆቹ በሳቅ ሞቱ፤ ማዳምም እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። በየሳምንቱ ደጋገምነው። እኔ ሽማግሌ፣ እኔ ቄስ፣ እኔ ደጃዝማች። ቫዮሊኖቹ ቶሎ ለመዱ። ባለቼሎው ብቻ ከወንበሩ ትንሽ፣ የመዳፍ ያህል፣ ከፍ ይላል።

«ቲቸር፣ እውነተኛ ሽማግሌ ቢመጣስ?» አለኝ አንድ ቀን።

«እውነተኛም ቢመጣ፣ እኔ ነኝ ጋቢ የለበስኩት ብለህ አስብ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ አልተነሳም።

አብዮቱ ሊገባ ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ ከአዲስ አበባው የሙዚቃ ትምህርት ቤት አንድ ፈረንጅ አስተማሪ ልጆቹን መጥቶ ሊሰማ ፈቀደ። ለቼሎ የሚወስደው አንድ ተማሪ ብቻ እንደሆነ፣ የእኛን ካልወደደው ሌላ ቦታ የተሻለ ልጅ እንዳለው አስቀድሞ ነግሮናል። በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ እሑድ ከሰዓት በኋላ ዝግጅት አደረግን። የጠቅላይ ግዛቱ ሹማምንት ከፊት ወንበር፣ ነጋዴውና ተማሪው ከኋላ አግዳሚ። ለሀጂ ከፊት አንድ ወንበር አስያዝኩ። አልመጡም። ዝናብ ዘንቦ ነበርና የሳጉሬ መንገድ እንደልማዱ መኪና ውጦ ይሆናል ብለን ጀመርን።

ቫዮሊኖቹ ደህና ተጫወቱ። ከዚያ እሱ ወጣ። ቀና ብሎ ገባ፣ እጅ ነሳ፣ ተቀመጠ፣ ብቻውን የሚጫወተውን ዝግ ያለ ዜማ ጀመረ። ፈታኙ ወደፊት አዘንብሎ መስማት እንደጀመረ አይቼ ልቤ ረጋ።

የጎኑ በር ተንቋቋ። ሀጂ ገቡ። ጭቃ እስከ ጉልበታቸው ደርሷል፤ ነጭ ጥምጣማቸው ብቻ ነው ንጹሕ። ከኋላ አግዳሚ አንዱ «ኖር!» አለ። አዳራሹ በሙሉ ተነሳ። እዚያ ከተቀመጠው ሰው ሀጂ ያላስታረቁት፣ ወይ አባቱን ያላስታረቁለት ጥቂት ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ቆመ፣ ሹማምንቱም ከወንበራቸው ተነሡ። እኔም ቆምኩ። ፈታኙ ግራ ቀኝ አይቶ እሱም ተነሳ።

የተቀመጠው ልጃቸው ብቻ ነበር።

ሀጂ እንደልማዳቸው እጃቸውን አንስተው «ታኣ፣ በአላህ፣ ተቀመጡ» ሊሉ ጀምረው መድረኩን አዩ። እጃቸው እንደተነሳ ቀረ። ልጅ ይነሳል፣ አባት «ተቀመጥ» ይለዋል፤ ልጁ ካልተነሳ አባት ማንን ተቀመጡ ይላል? ቆመው ጠበቁት። እሳቸው ካልተቀመጡ ማንም አይቀመጥም። ስለዚህ ሁላችንም ቆመን ቀረን።

ልጁ ያያቸዋል። ሕዝቡን ዓይኑን እይ ብለን አስተምረነዋልና አባቱን ዓይናቸውን እያየ ይጫወታል። ደጋኑ አልተንቀጠቀጠም። እንደዚያ ቀን አድርጎ ተጫውቶ አያውቅም፤ ያ ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። እኔ ግን ምነው አንድ ክር በተበጠሰበት እያልኩ ነበር። ሰዉ እርስ በርስ መተያየት ጀመረ። ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ «ኧረ አባቱ ናቸው!» ስትል ሰማሁ።

ማዳም ክንዴን ጨምድዳ ያዘች። እንባዋ እየወረደ «አየሽ? ቆሙለት! አዳራሹ በሙሉ ቆመለት!» አለችኝ።

«ለእሱ አይደለም። ለአባቱ ነው» አልኳት በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ።

«አባቱማ እንዴት ይኮሩ ይሆን!» አለችና እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ፈታኙም ሰምቶን ኖሮ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ።

ሲጨርስ ማንም አላጨበጨበም። ልጁ ቼሎውን ወለሉ ላይ አጋደመና ከመድረክ ዘሎ ወርዶ አባቱ ጉልበት ላይ ወደቀ። ሀጂ በትከሻው አነሱት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጉልበቱን ዳሰሱት፣ ቀኙን፣ ቀጥሎ ግራውን። «ሚሊ ኬ ማል ታኤ?» አሉት። እግርህን ምን ሆንክ ማለታቸው ነው። «ደህና ነው» አለ ልጁ። ያኔ ሀጂ ለሕዝቡ እጃቸውን ዘረጉ፣ ሰዉም ተቀመጠ፣ ወዲያው ጭብጨባው መጣ። ማዳም ምን አሉት ብላ ጠየቀችኝ። «እግሩን ጠየቁት» አልኳት። የአገር ምርቃት መስሏት ደስ አላት።

ፈታኙ እዚያው ተቀበለው። የቀናው ነገር ይህ ነው፣ ልደብቀው አልፈልግም። የተመኘው በር ተከፈተለት።

ሰው ሲበታተን ሀጂ ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ እግሩ ደህና ነው ይላል» አሉኝ።

«ደህና ነው ሀጂ።»

«ተቀምጦ ሳየው ሽባ የሆነ መሰለኝ። ከእኔ የደበቃችሁኝ መሰለኝ። ታዲያ ለምንድነው ያልተነሳው?»

ነገርኳቸው። መድረክ ላይ እንደማይነሳ፣ ንጉሡም ቢገቡ እንደማይቋረጥ፣ ደንቡ ይህ እንደሆነ፣ ያስለመድኩት እኔ እንደሆንኩ። ጋቢውን ብቻ አልነገርኳቸውም፤ እንዴት ብዬ?

«ትምህርቱ ነው?» አሉ።

«ትምህርቱ ነው።»

«ትምህርቱ ከሆነ ጥሩ።» ወደ በሩ ዞር አሉ፤ የሚወጣው ሰው እያንዳንዱ እየመጣ ከወትሮው አስበልጦ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ይስማል፣ እንደታመመ ሰው። «እነሱ ግን ትምህርቱን አያውቁም» አሉኝ ቀስ ብለው። ቀጥለውም፣ «ዘፈኑንም አልሰማሁት። እግሩን ነበር የማየው።»

ለልጁ ያልኩት ትክክል ነበር። ዛሬም አንድ ወጣት ቢመጣና ለመድረክ አዘጋጂኝ ቢለኝ ያንኑ ነው የምነግረው፤ ሌላ መንገድ የለም። የሠራሁት ስህተት ይህ ነው ብሎ ጣቱን የሚቀስርብኝ ሰው ቢኖር ደስ ባለኝ፣ ተከራክሬው ይወጣልኝ ነበር። ትክክል ሆኖ ማፈር ግን መድኃኒት የለውም። ሳጉሬ አንድ የመሬት ጠብ ሊያስታርቁ በተቀመጡበት ከባለጠቦቹ አንዱ «መጀመሪያ ልጅዎን ያስነሱ» እንዳላቸው ሰማሁ። ሀጂ ያን ቀን ከሸንጎው ተነስተው ቤታቸው ገቡ፤ ለእርቅ ሲጠሯቸውም ሰበብ መስጠት ጀመሩ አሉ። እኔም የሳጉሬ ገበያ መሄድ ተውኩ።

ልጁን አዲስ አበባ ስሸኘው፣ አውቶቡስ መነሻው ላይ፣ ሳልጠይቀው ነገረኝ። «አየኋቸው ቲቸር። ሲገቡ እግሬ ሊነሳ ነበር። ከዚያ ቲቸር ናቸው፣ ጋቢ ለብሰው ነው አልኩ ለራሴ። እንዳሉኝ።» ሊወቅሰኝ አልነበረም፤ ያስተማርኩትን በትክክል እንደሠራ ነው የሚነግረኝ። «ጎበዝ» አልኩት።

አዲስ አበባ በሁለት ዓመት ስሙ ተጠራ። ኤምባሲ ውስጥ ተጫወተ፣ ሚኒስትሮች ፊት ተጫወተ። ማዳም በአገሯ ትምህርት ቤት አገኘችለት። ወታደሩ መንቀሳቀስ በጀመረበት ዓመት ፈረንጆቹ ዕቃቸውን ሸክፈው ሲሄዱ ቼሎዋን ለእሱ ተወችለት፣ ቪዛውም ተመታለት። መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። ያኔ እኔ፣ አርፌ የማልቀመጠው ሴትዮ፣ አንድ ነገር አሰብኩ። ሀጂ ይስሙት። ሳይሄድ ቤታቸው፣ ያ ሁሉ ያማቸው ጎረቤት ፊት ይጫወትላቸው። ደንቡን እኔው ቆሜ አስረዳለሁ። ልጁን ለመንኩት። «እሺ» አለኝ።

ሳጉሬ ቼሎውን በጋሪ ይዘን ገባን። ሀጂ ግቢ ውስጥ ጎረቤቱ ተሰብስቧል፣ እሳቸው ደጃፉ ላይ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ከቤት ወንበር አስወጥቼ መካከል አስቀመጥኩ። ሀፍረቴን ዋጥ አድርጌ ለሰዉ አስረዳሁ፤ ይህ መሣሪያ ተቀምጠው የሚጫወቱት ነው፣ ትልቅ ሰው ቢመጣም አይነሱም፣ ንቀት አይደለም አልኩ። ከእኔም በላይ ሀጂ ራሳቸው በኦሮምኛ ደገሙላቸው። «ትምህርቱ ነው» አሉ። ከዚያ ልጃቸውን አይተው በለስላሳ ድምፅ «ታኢ» አሉት። ተቀመጥ።

አልተቀመጠም።

«ተቀመጥ ልጄ። ገብቶኛል እኮ» አሉት።

«እሺ አባ» አለ። ግን ቆሞ ነው።

እኔ በጆሮው ለመንኩት። አልሆነም። ንዴት መጣብኝና በዚያ በድሮው ድምፅ፣ ሰው ሁሉ ፊት፣ «ቁጭ በል!» ብዬ ጮህኩበት። ዞሮ አየኝ፤ ዓይኑ ውስጥ ቁጣ የለም። «አልችልም ቲቸር» አለኝ። ወንበሩን በእግሩ ቀስ አድርጎ ወደኋላ ገፋው፤ ቼሎውን ዳሌው ላይ አስደገፈ፣ ጎበጠ፣ ጀመረ።

ቼሎ ቆሞ አይሆንም። የሚያቆመው ብረቱ አጭር ነው፣ ክንድ ቦታውን ያጣል፣ ደጋኑ ይንሸራተታል። ሚኒስትር ፊት የተጫወተ እጅ ሲጥ ሲጥ ሲያሰኝ፣ ሲፍቅ፣ ሲሳሳት ዋለ። ልጆች ከአጥሩ ሥር አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። እሱ ወገቡ እየተቆረጠ፣ ላቡ እንጨቱ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ዜማውን እስከ መጨረሻው ተጫወተው። ሀጂ በዚህ ጊዜ እግሩን አላዩም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት።

ሲያበቃ «ማሻ አላህ» አሉ። ጎረቤቱም ተቀብሎ «ማሻ አላህ» አለ። ከአንዱ ሽማግሌ ወደ ሌላው ዞረው አዩ፣ ፊታቸው በርቷል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ለዚህ ነው እንግዲህ ይሄን ሁሉ ዓመት የለፋችሁት» አሉኝ፤ እንደ እንግዳ አክባሪ ሰው፣ በአዘኔታም በምስጋናም።

እንዲህ አይደለም የሚጫወተው ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ልጁ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቆሟል። አፈርኩና አፌን ዘጋሁት። እሱ በሳምንቱ ሄደ፤ ልጁ ሳይመለስ ሀጂ ሞቱ። በባሕር ማዶ አዳራሾች ስንቱ ሕዝብ ሰምቶት ይሆናል። አባቱ የሰሙት ያንን ነው።